«እሺ»ን የከለከሉት ሐኪም

ዶክተር ኑሩ ባረፉ በሳምንቱ የሆስፒታሉ ሠራተኞች በአዳራሹ የመታሰቢያ ፕሮግራም አዘጋጅተው ነበር። ቀብሩ በዕለቱ ስለተፈጸመ አልደረስኩም፤ ወደ አዳራሹ የሄድኩት የቀረብኝን ለማካካስ ነው። አንድ ወጣት ሐኪም ኮቱን ቆልፎ መድረኩ ላይ ወጣና የሕይወት ታሪካቸውን አነበበ። ትውልዳቸውን፣ ትምህርታቸውን፣ ያገለገሉበትን ዘመን በሥርዓት አነበበ። ጠባያቸው ላይ ሲደርስ «ዶክተር ኑሩ ቁጣን የማያውቁ፣ አንደበታቸው ከማር የሚጣፍጥ፣ በሕይወት ዘመናቸው ማንንም ቅር አሰኝተው የማያውቁ ሰው ነበሩ» አለ።

ከኋላ ረድፍ ሳል የመሰለ ድምፅ ተሰማ። ዞር ስል ሲስተር ትርፌ ናት፤ በቀዶ ሕክምና ክፍል ሃያ ዓመት ከሳቸው ጋር የሠራች ነርስ። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር።

«ከማር የሚጣፍጥ?» አለችኝ ስንወጣ፣ የሳቅ እንባዋን እየጠረገች። «እኔን እንኳ በቀን ሁለቴ ያስለቅሱኝ ነበር እኮ! ለመሆኑ ማንን ነው የቀበርነው?»

ስለ ሙት ክፉ አይነገርም የሚለውን አውቃለሁ። ነገር ግን ሰውን ባልነበረው ጠባይ ማመስገን እሱን አንሥቶ ሌላ ሰው እንደ መቅበር ነው። ዶክተር ኑሩ ቁጡ ነበሩ። አንደበታቸው ማር ሳይሆን ኮሶ ነበር። ኮሶ ለምን እንደሚጠጣ ደግሞ የደጋ ሰው ያውቃል።

ሐኪም በአገራችን የሚወደሰው በአነጋገሩ ነው። «ሲያናግረኝ ብቻ ግማሽ በሽታዬ ለቀቀኝ» ይላል ሰው። ቀሪው ግማሽ ምን እንዳደረገው አይነግረንም። እኔ ጎንደር ከተማ ውስጥ አስተማሪ ሆኜ ስኖር፣ ከገጠር ዘመድ የሚልክብኝ በሽተኛ ስለማይጠፋ፣ ሁለተኛው ሥራዬ ማስታመም ነበር። በዚህ የተነሣ የሐኪም ጠባይ ብዙ አይቻለሁ። የውስጥ ደዌ ሐኪም ይጠይቃል፤ የሕፃናት ሐኪም ያባብላል፤ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ግን ቸኩሏል። እጁ የሚናገርለት ሰው አፉን አያለማምድም። በዚያ ዘመን ከነበሩት መካከል አንዱ ከካርዱ ጋር ብቻ የሚነጋገሩ ነበሩ፤ በሽተኛው ካርዱን ተሸክሞ የመጣ ሎሌ ይመስል ቀና ብለው አያዩትም። ሌላው ዶክተር ቢኒያም ነበሩ። «ምንም አይደለም እማዬ፣ ነገ ይጨፍራሉ» እያሉ የሚያልፉ፣ መልከ መልካም፣ እጃቸውም የተባረከ። ከተማው ሁሉ የሚወደው እሳቸውን ነበር፤ እኔም ጭምር። አባቴ ታሞ ሲመጣ በሳቸው እጅ እንዲወድቅ ተስዬ ነበር። የወደቀው በዶክተር ኑሩ እጅ ነው።

ነገሩ የሆነው በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ በኅዳር ወር ነው። አባቴ አያ ተበጀ በጃናሞራ ከመካነ ብርሃን ወዲያ ባለች መንደር የሚያርስ ገበሬ ነበር። ወንድሞቼ በቃሬዛ እየተፈራረቁ ተሸክመው፣ ቀሪውን መንገድ በጭነት መኪና አድርገው ሲያደርሱት ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ሦስት ቀን ሙሉ ከሰገራም ከአየርም የወጣለት ነገር የለም። ተረኛው ዶክተር ኑሩ ነበሩ። ሆዱን በጣታቸው መታ መታ አድርገው፣ ብዕራቸውን ጆሯቸው ላይ ሰክተው፣ በታች በኩል ረጅም ቱቦ አስገቡ። ከዚያ የሆነውን በጨዋ ቋንቋ ልጻፈው ብል፣ ክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሁሉ አፍንጫችንን ይዘን ወጣን፤ የአባቴ ሆድ ደግሞ ዓይናችን እያየ ጎደለ።

በማግስቱ ጠዋት አልጋው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

«ሸጋ ነኝ» አለኝ። «በል ጠቅልልና እንሂድ። ገብሱ ደርሷል።»

ሲስተር ትርፌ ግን ጠራችኝና ዶክተሩ ኦፕራሲዮን መደረግ አለበት ማለታቸውን ነገረችኝ። ደነገጥኩ። ኮሪደር ላይ ጠበቅኳቸው። ክራቫት አስሬ ነበር፤ የተማርኩ መሆኔ እንዲታይልኝ።

«ዶክተር፣ አያ ተበጀ አባቴ ናቸው። እኔ መምህር ነኝ። ነገሩን ለእኔ ይንገሩኝና በዘዴ አስረዳቸዋለሁ።»

«ለምን በዘዴ?»

«በእኛ አገር ለበሽተኛ ክፉ ወሬ በቀጥታ አይነገርም። መርዶ እንኳ የሚነገረው ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ማለዳ፣ ተቀምጦ ነው።»

«መርዶ ለሞተ ሰው ነው። አባትህ አልሞቱም።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ሆዱ የማን ነው?»

«የሳቸው።»

«እንግዲያው የምነጋገረው ከሆዱ ባለቤት ጋር ነው። መግባት ትችላለህ። መናገር ግን አትችልም።»

በሠላሳ ሁለት ዓመቴ፣ ሁለት መቶ ተማሪ የሚፈራኝ ሰው፣ እንደ ልጅ ዝም በል ተባልኩ። ተከትያቸው ገባሁ።

ያ ክፍል አሥራ ሁለት አልጋ ነበረው። ዶክተር ኑሩ እንደ ሌሎቹ አልጋው ግርጌ አልቆሙም፤ አባቴ እግር ሥር፣ አንሶላው ላይ ቁጭ አሉ። አንጀት ምን እንደሆነ፣ የሱ አንጀት ረጅም መሆኑን በክንዳቸው እየለኩ አሳዩት። ክንድ፣ ሌላ ክንድ፣ ስንዝር፤ ልክ እንደ ጨርቅ ሻጭ። ባሉት ቁጥር አባቴ «እሺ ጌታው» ይላል። «ይህ አንጀት ተመልሶ ይጠመዘዛል።» «እሺ ጌታው።» «ስለዚህ ሆድዎን ከፍቼ ትርፉን እቆርጣለሁ።» «እሺ ጌታው።» አባቴን ስለማውቀው ምን እያሰበ እንደሆነ ገብቶኛል፦ እኝህ ትልቅ ሰው ተናግረው እስኪጨርሱ እሺ ልበላቸው፤ ከዚያ ልብሴን ለብሼ ወደ ገብሴ እሄዳለሁ። ይህ የደጋ ሰው ጨዋነት ነው። ለትልቅ ሰው እምቢ አይባልም፤ እሺ ተብሎ አይደረግም።

ዶክተር ኑሩ ብዕራቸውን ከጆሯቸው አነሡ።

«አያ ተበጀ፣ እዚህ ክፍል ውስጥ እሺ ክልክል ነው።»

«እሺ ጌታው፣ አልልም።»

ክፍሉ ሳቀ። ዶክተሩ አልሳቁም።

«አባቴ እዚሁ ጎንደር፣ አዲስ ዓለም ሰፈር ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ» አሉት። «‹እሺ፣ ዞር ብዬ እመጣለሁ› ያለ ገበያተኛ አይመጣም ይሉን ነበር። የሚገዛው ጨርቁን እየጎተተ ‹ይህማ ይለቃል፣ ይህማ ይሳሳል› እያለ የሚከራከረው ነው። ይከራከሩኝ።»

«ከሐኪም ጋር?»

«ከሐኪም ጋር።»

አባቴ ወደ እኔ አየ። እኔ እንዳልናገር ታዝዣለሁ። ዙሪያውን አየ፤ አሥራ አንዱም በሽተኛ ቀና ብሎ ይጠብቀዋል። ጋቢውን አስተካከለ።

«እንግዲያውስ ምነው?» አለ። «ምነው ሸጋ ከሆንኩ በኋላ ትቀድዱኛላችሁ? ታምሜ ሳለሁ በቱቦ ፈወሳችሁኝ፤ ድኜ ሳለሁ ቢላ ታመጣላችሁ። ይህ ምን ዓይነት ነገር ነው?»

«ይኸው! ይህ ጥያቄ ነው» አሉ ዶክተር ኑሩ፤ ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ሲፈታ አየሁ። «እንደ እርስዎ ያለ ሰው ነበረ፤ የአይከል ሰው፣ ሞገስ የሚባል። ሆዱ ተነፍቶ መጣ፤ በቱቦ አስተነፈስኩት፤ እንደ እርስዎ ሸጋ ሆነ። ያን ጊዜ አነጋገሬ ለስላሳ ነበር። እንዳይደነግጥብኝ ብዬ ‹ትንሽ ነገር ናት፣ ሲመችህ ብቅ ትልና እናስተካክላታለን› አልኩት። ‹እሺ ጌታው› ብሎ እጄን ስሞ ሄደ። በወሩ በቃሬዛ መጣ። ሆዱን ስከፍተው አንጀቱ ጠቁሯል። ሚስቱ አንድ ነገር ብቻ ነው ያለችኝ፤ ‹ትንሽ ነገር ናት ብለውን ነበር እኮ።›»

«ሞተ?» አለ አባቴ።

«ሞተ።»

«ብትቀድዱኝስ አልሞትም?»

«ሊሞቱ ይችላሉ። እጄ ላይ የሞቱብኝ አሉ። የምሰፋው ስፌት ሊለቅ ይችላል። ሳልነካዎ ቢሄዱ ግን የበለጠ የምፈራልዎ ያኔ ነው።»

እኔ ከንፈሬን ነከስኩ። እንዲህ ያለ ነገር ለበሽተኛ ይነገራል? አባቴ ግን አልደነገጠም። ገበያ ላይ በሬ ሲመርጥ እንደሚያደርገው ዓይኑን ጠበብ አድርጎ ሰውየውን ያየዋል።

«አሁን እኔ እንደሌለሁ ይቁጠሩና ያልኩዎትን ለልጅዎ ይንገሩት» አሉት።

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «ሆዴ ውስጥ ያለው ገመድ ረጅም ነው» አለኝ። «በሬ ካስማ ላይ ታስሮ ሲዞር ሲዞር ገመዱ ይጠማዘዝና ራሱን ያንቀዋል። እኝህ ሰው መጥተው ፈቱት። ገመዱ እስካላጠረ ድረስ ግን በሬው ነገም ይዞራል። ገመዱን ማሳጠር ነው የፈለጉ። ሲያሳጥሩት ቋጠሮው ሊላላ ይችላል፤ ያኔ ደግሞ ሌላ መከራ ነው።»

ዶክተር ኑሩ ኪሳቸው ውስጥ ከነበረ ወረቀት ላይ ይህን ጻፉ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የማውቃቸውን በሽተኞች ይዤ ስሄድ በሬውንና ገመዱን ከሳቸው አፍ እሰማ ነበር፤ ሁልጊዜም «አንድ የጃናሞራ ሰው እንዳሉት» ብለው ይጀምራሉ።

«ገብሱስ?» አለ አባቴ በመጨረሻ።

«ገብሱን ሌላ ሰው ያጭደዋል።»

«እስኪ አድሬ ልንገርዎ።»

«ይህ ነው መልስ» ብለው ተነሡ።

ዘመዶቼ ሲጠይቁኝ «ሐኪሙ ባለጌ ነው» አልኳቸው። ለሲስተር ትርፌም አማረርኩ። እሷ መርፌዎቿን እየቆጠረች ሳቀችብኝ።

«አንተ ገና ምን አየህና! ባለፈው ዓመት አንዲት ልጅ እግር እናት ልጇ ሞተባት። እሳቸው በሩ ላይ ቆመው ‹ሞቷል፤ ዘግይታችሁ ነው የመጣችሁት› ብለዋት ወደ ሌላው በሽተኛ ሄዱ። እውነት ነው፣ ዘግይተዋል። ተከትዬ ሄጄ በሰው ፊት ‹ዶክተር፣ እውነት እግር አለው እኮ፤ ቀስ ብሎ መሄድ ይችላል› አልኳቸው። አፌ አመለጠኝ። ከሥራዬ የሚያባርሩኝ መስሎኝ ነበር።»

«ምን አሉሽ?»

«ቀጥ ብለው ተመለሱ። ሴትዮዋ ዘንድ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ማጽናናት አይችሉበትም፤ ዝም ብለው ቁጭ አሉ፣ እንደ ደንጊያ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር ሲኖር እኔን ይጠሩኛል። ‹ነይ፣ አነጋገሩን አንቺ ያዢልኝ› ይሉኛል። መቆጣቱን ግን አልተዉም፤ ትናንት ለፋሻ አጣጣፍ ጮኹብኝ።»

ይህን የጻፍኩት ወጣቱ ሐኪም እንዳደረገው ሰውየውን መልአክ እንዳላደርጋቸው ነው። ቀጥተኛነት ሁሉ ደግነት አይደለም፤ ብዙ ቀጥተኛ ሰው ክፋቱን እውነት ብሎ ስም ያወጣለታል። እሳቸውም አንዳንድ ጊዜ እንዲሁ ነበሩ። ልዩነታቸው የተነገራቸውን መስማታቸው ነው፤ ነርስም ትሁን ገበሬ።

አባቴ አደረና «ቅደዱኝ» አለ። በሥላሴ ስም ብሎ አማተበ፤ ዶክተር ኑሩም በበኩላቸው ቢስሚላህ ብለው ገቡ። ኦፕራሲዮኑ በደኅና አለቀ። በሦስተኛው ቀን አባቴ አጥሚት ጠጣ። በአራተኛው ቀን ወንድሞቼን ወደ ገብሱ ሸኘኋቸው።

በአምስተኛው ቀን አተኮሰው። ከሰዓት በኋላ ሆዱ እንደ እንጨት ደረቀ፤ ሲነኩት ይጮኻል። አባቴ የሚጮኽ ሰው አልነበረም። ዶክተር ኑሩ መጡ፤ ዳሰሱት፤ አሁንም አልጋው ላይ ቁጭ አሉ። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜያለሁ።

«አያ ተበጀ፣ የሰፋሁት ስፌት ለቋል» አሉት። «አንጀትዎ ለመገጣጠም የሚበቃ መስሎኝ ነበር። አልነበረም። የዚያን ቀን መግጠሙን ትቼ ጫፉን በሆድዎ በኩል ማውጣት ነበረብኝ። እንደዚያ ባደርግ ኖሮ ይህ አይደርስም ነበር። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ ከእግዜርም ከእርስዎም አይደለም።»

እንዲህ ያለ ንግግር ከሐኪም አፍ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ከዚያም በኋላ ብዙ አልሰማሁም። በአገራችን ሐኪም ቤት ሰው ሲሞት ወይ ዘግይቶ መጥቶ ነው፣ ወይ የእግዜር ፈቃድ ነው። ደሜ ፈላ።

«ወደ አዲስ አበባ እወስደዋለሁ!» አልኩ።

«መብትህ ነው» አሉኝ፤ እንዳልናገር መከልከላቸውን አላስታወሱኝም። «ግን በሕይወት አይደርሱም። ሆዱ ዛሬ መከፈት አለበት።»

«እንግዲያው ሌላ ሐኪም ይክፈተው። ዶክተር ቢኒያም ይግቡ!»

«እሱም መብት ነው። ዶክተር ቢኒያም እጁ ከእጄ አያንስም፤ አሁኑኑ ልጠራው እችላለሁ።» ከእኔ ዞረው ወደ አባቴ አዩ። «የሚመርጡት እርስዎ ነዎት። ያጠፋሁት እኔ ስለሆንኩ ግፋ ብዬ አልለምንዎትም።»

አባቴ ዓይኑን ጨፍኗል። ላብ ግንባሩ ላይ ተደርድሯል። የሚሰማ አልመሰለኝም። እኔ ቀድሜ «ዶክተር ቢኒያምን ይጥሩልን» ልል አፌን ስከፍት እጁን አነሣ። አባቴ፣ ሁልጊዜ ከተማ ሲመጣ በእኔ አፍ የሚናገረው ሰው፣ እጁን አንሥቶ ዝም አሰኘኝ።

«ያኛውን አላውቀውም» አለ ቀስ ብሎ። «አንተን ግን አውቅሃለሁ።» እስከዚያ ሰዓት ድረስ «ጌታው» እና «እርስዎ» ሲላቸው ነበር። «በሬ ሲሸጥልህ ‹ይህ በሬ ያነክሳል› ያለህን ሰው ያዘው። ለሌላው ሻጭ በሬው ሁሉ ጤነኛ ነው። አንተ ቋጠሮው ይላላል ብለኸኝ ነበር፤ ላላ። እንዴት አድርገህ እንደምታስረው ደግሞ ንገረኝ።»

ነገሩት። ጫፉን በሆዱ በኩል አውጥተው፣ ሰገራው ለሦስት ወር ያህል ከረጢት ውስጥ እንደሚወርድ፣ እንደሚሸት፣ ቤተ ክርስቲያን ለመግባት እንደሚያሳፍረው፣ ከዚያ ተመልሶ እንደሚገጠም። አንዱንም አላስቀሩም። አባቴ እያንዳንዱን መልሶ ነገራቸው፤ ትኩሳቱ እያንቀጠቀጠው። «እሸታለሁ፤ እኖራለሁ» ብሎ ጨረሰ።

ኦፕራሲዮን ክፍል ሲገባ ወደ ኮሪደሩ መጨረሻ ሄጄ አለቀስኩ። ስንት መጽሐፍ አንብቤያለሁ! ስለ ነፃነት፣ ስለ ሰው ክብር ለተማሪዎቼ አስተምር ነበር። አባቴ ግን በሕይወቱ ትልቁን ውሳኔ ሲወስን እኔ በሱ ቦታ ልወስን አፌን ከፍቼ ነበር፤ ያውም የመረጥኩለት ሐኪም ፈገግታው ስለሚያምር። ይህን ያወቅሁት በዚያ ኮሪደር ነው። ያሳወቁኝም እኒያ ኮሶ ሰውዬ ናቸው።

ከሁለተኛው ኦፕራሲዮን በኋላ ዶክተር ኑሩ ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ ጁምዓም ይሁን እሑድ፣ ጠዋትና ማታ እየመጡ ከረጢቱን በእጃቸው ከፍተው ያዩ ነበር። አስተማሪዎች አንድ ነገር ስናጠፋ ያን ክፍል ለመግባት እናፍራለን፤ ስህተታችንን ያየ ተማሪ ፊቱ ይከብደናል። እሳቸው ግን ወደ ስህተታቸው እየተመላለሱ ቁጭ ይሉ ነበር። አንድ ቀን ላመሰግናቸው ሞከርኩ። «ስፌት ለለቀቀበት ሐኪም ምስጋና አይሰጥም» አሉኝ። «ከፈለግህ አባትህን አመስግን፤ ሞገስ እንዲህ ተከራክሮኝ ቢሆን ኖሮ ዛሬ አይከል ነበር።» ቀጠል አድርገው «ያን ክራቫትህንም ፍታው፤ አንተንም እንደ በሬው እንዳያንቅህ» አሉ። እሳቸው ቀልድ ሲሞክሩ የሰማሁት በዚያ ጊዜ ብቻ ነው፤ ጥሩ ቀልድም አልነበረም።

በእኔ ላይ ያደረጉት ለውጥ ትንሽ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ክፍል ገብቼ «ገባችሁ?» ብዬ አላውቅም፤ ስድሳ ልጅ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ሲል ስድሳ ልጅ እንዳልገባው ስለማውቅ። «ተነሥና እኔ እንደሌለሁ ለጓደኛህ ንገረው» እላለሁ። ተማሪዎቼ አይወዱኝም። ግድ የለም። ደስ የሚል አስተማሪ በሌላ ክፍል አላቸው።

አባቴ ሦስት ወር እኔ ቤት ተቀመጠ። ለትምህርት ከቤት ከወጣሁ ወዲህ አንድ ጣሪያ ሥር እንዲህ ያህል አብረን ኖረን አናውቅም። ከረጢቱን እኔ እቀይርለት ነበር። መጀመሪያ ሁለታችንም እያፈርን ፊታችንን እናዞራለን፤ በኋላ ግን ያን ሥራ ስንሠራ ነው ብዙ ያወራነው። በመጋቢት ዶክተር ኑሩ እንዳሉት አንጀቱን መልሰው ገጠሙት፤ ስፌቱም ያዘ። አባቴ ሲሰናበታቸው «ከእንግዲህ አትናፍቀኝም» አላቸው፤ እሳቸውም «እኔም እርስዎን» አሉት። ሁለቱም የተናገሩት ከልባቸው ነበር።

በማግስቱ ደባርቅ ለሚሄደው አውቶቡስ መናኸሪያ ይዤው ሄድኩ። ዕቃው ተጭኗል፤ ረዳቱ ተሳፋሪ እየተጣራ ነው። አባቴ አልወጣም።

«አንተ ልጅ» አለኝ፤ «አንድ ነገር ብነግርህ ትቀየመኛለህ?»

«ምነው አባዬ፣ ንገረኝ።»

«እኔን የምታየኝ ስታመም ነው። ደኅና ስሆን አትመጣም። እናትህን ስንቀብር መጣህ፤ ይኸው ስድስት ዓመት ሆነህ ደጄን ካየህ። ወንድሞችህ ‹ሥራ በዝቶበት ነው› ይሉኛል። ሥራ እንዳልበዛብህ ሦስት ወር ሙሉ ቁጭ ብዬ አየሁ።»

ምክንያት ፈለግሁ፦ ፈተና፣ እርማት፣ የመንገዱ ክፋት። አባቴ ዓይኑን ጠበብ አድርጎ ይጠብቀኛል። ይህን ነገር ስድስት ዓመት ሆዱ ውስጥ ይዞት እንደኖረና ዕድሜውን ሙሉ ሊይዘው ይችል እንደነበር ገባኝ።

«እመጣለሁ» አልኩት።

«መቼ?»

«ለፋሲካ።»

«የትኛው ፋሲካ?»

ረዳቱ «ሽማግሌው፣ ይግቡ እንጂ!» ብሎ ጮኸ። አባቴ አንድ እግሩን ደረጃው ላይ አድርጎ ቆሟል፤ ዞሮም አላየውም።

«የዘንድሮው» አልኩት። «በስቅለቱ ዋዜማ እነሣለሁ።»

ራሱን ነቀነቀና ወጣ።

ሄድኩ። አባቴ ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት ኖረ፤ አሥራ አንዱንም ፋሲካ አብረን ፈሰክን።